ሦስት የቤንዚን ፓምፕ፣ አንድ ዳገት

ሰማያዊዋ ቮልስ ከሸጎሌ ወጥታ የመጀመሪያውን ዳገት እንደያዘች በረዶው ወረደ። ባቄላ የሚያክለው በረዶ ጣሪያዋን ደበደበው፤ የመስታወት መጥረጊያዎቹ ሁለት ጊዜ ተንፈራገጡና ቀጥ አሉ። ሐመልማል መሪውን ጨምድዳ፣ አንገቷን አስግጋ፣ የመንገዱን ጠርዝ በግምት ተከተለች። ከጎኗ አባቷ አቶ መዝገቡ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ከኋላ ወንበር፣ በጉለሌ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘኪያ በጨርቅ የተጠቀለለ ፓምፕ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከሁሉም ኋላ የዓምሃ ፒክአፕ የመጎተቻ ገመድ ጭኖ እንደ ጥላ ይከተላቸዋል።

ጉዞው በውል የታሰረ ነበር። ቮልሷን የሐመልማል እናት ወይዘሮ ልዩ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አሽከርክረዋታል። ከእሳቸው በኋላ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆመች፤ አሮጌው ፓምፕ ቤንዚኑን ከታንከሩ ስቦ ወደ ሞተሩ መግፋት አቃተው። ሎጅ የሚያሠራው ጎረቤታቸው ዓምሃ ጣሪያዋን ቆርጦ የአበባ መደብ ሊያደርጋት ጠየቀ። አቶ መዝገቡ ከመሰልቸት የተነሳ እሺ ሊሉ ሲሉ ልጃቸው መሐል ገባች። በመጨረሻም እንዲህ ተስማሙ፤ ቮልሷ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት፣ ሳትጎተትና ሳትገፋ፣ በጫካው ጥርጊያ መንገድ እንጦጦ ማርያም በር ከደረሰች ከእነሱ ጋር ትቀራለች፤ ካልደረሰች የዓምሃ ናት። የሰፈሩ መካኒኮች ማንኛውንም ጥገና የሚፈትኑት እንጦጦን በማስወጣት ስለሆነ፣ ፈተናው በዛ ያለ ሰው አልነበረም።

ሐመልማል ከምህንድስና ክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ ናት። ፓምፕ ለመምረጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ዞራ በደብተሯ ሠንጠረዥ ሠርታለች፤ የተሠራበት አገር፣ የግፊቱ መጠን፣ የማሸጊያው ሁኔታ። አንደኛ የወጣው ካርቶኑ ሳይከፈት ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ኦርጅናል ነበር። ሻጩን ዋስትና ብትጠይቀው ኦርጅናል ምን ዋስትና ያስፈልገዋል ብሎ ተቆጣት። ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ አዲስ ኮፒ ነው፤ የዚያኛው ሻጭ ከሱቅ የወጣ ዕቃ እንደማይመለስ ግድግዳው ላይ ጽፎ ለጥፏል። የወይዘሮ ዘኪያ ፓምፕ መጨረሻ ወጣ፤ ከሦስት ሙት ፓምፖች የተገጣጠመ፣ ላስቲኩ በእጅ የተቆረጠ፣ መልኩ የሚያሳፍር። አባቷ ለመጠባበቂያ ይያዝ ሲሉ ወይዘሮ ዘኪያ አሻፈረኝ አሉ፤ ፓምፓቸው ያለ እሳቸው የትም አይሄድም። ሐመልማል ይህን ከግትርነት ቆጥራ በሠንጠረዡ አላስገባችውም።

በረዶው እንዳባራ ሞተሩ ሳል ጀመረው። የጉለሌን የእጽዋት ማዕከል አጥር አለፍ እንዳሉ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለበት ኩርባ ላይ፣ አንዴ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ሐመልማል ዘልላ ወርዳ ሞተሩ ያለበትን የኋላውን ክዳን ከፈተች። ከተገጠመው ኦርጅናል ፓምፕ ሆድ ቤንዚን ይንጠባጠባል።

ቮልሷ ሁለት በር ብቻ ስላላት ወይዘሮ ዘኪያ እንዲወርዱ አቶ መዝገቡ ቀድመው መውረድ፣ ወንበራቸውን ማጠፍ፣ እጃቸውን መዘርጋት ነበረባቸው። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ሴትየዋ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ላስቲኩ ነዋ። ሠላሳ ዓመት ካርቶን ውስጥ ሲደርቅ ከርሞ፣ ዛሬ ዳገት ውጣ ቢሉት ምን ያድርግ?»

«እትዬ ዘኪያ፣ ማሸጊያው እኮ ንክች አላለም ነበር።»

«ማሸጊያውን ነው እንዴ የምትገጥሚው?»

ሐመልማል ጥርሷን ነክሳ ቁልፍ አነሳች። በደነዘዙ ጣቶቿ ብሎኖቹን ፈትታ ለመጠባበቂያ የገዛችውን ኮፒ ገጠመች። ዓምሃ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ ገመዱ ረጅምና ጠንካራ መሆኑን በትሕትና አስታወሳቸው።

ኮፒው ሞተሩን በአንድ ንክኪ አስነሳው። ቮልሷ ጭቃ እየረጨች፣ ድንጋይ እያፈናጠረች ሽቅብ ተፈተለከች። ሐመልማል ፈገግታዋን ሳትጨርስ ግን የቤንዚን ሽታ መኪናውን ሞላው። የኮፒው ግፊት ከልክ አልፎ፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ያጥለቀልቀዋል። እሳት እንዳይነሳ ፈጥና አጠፋችው። ያን ጊዜ ከኩርባው በላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ከሱሉልታ ወደ ሸጎሌ ገበያ የሚነዱ ሰንጋዎች ነበሩ። በረዶው አስበርግጓቸው ጠባቡን መንገድ ሞልተው ቁልቁል ይጋልባሉ፤ ነጂያቸው ጉታ ከኋላ እየሮጠ ክላክስ እንዳይነፉ ይማጸናል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው የተቆረጠ ኮረብታ ነው፤ መሸሻ የለም። ሐመልማል ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠች። ቀንዶች መስታወቱን ታክከው አለፉ፤ ግዙፍ ጎኖች ቮልሷን እየፈተጉ አናወጧት፤ የቀኙ የፊት መብራት ረገፈ። አንድ ጥቁር ሰንጋ አገጩን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ወደ ውስጥ ትኩር ብሎ አየ።

«እሱም ገዢ ነው መሰለኝ» አሉ ወይዘሮ ዘኪያ።

ሰንጋው በአፍንጫው ተንፍሶ ሄደ። ሰዓቱ አምስት ከሩብ ሆኗል። ሐመልማል ወርዳ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሳምንት የለፋችበት ሠንጠረዥ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ዋሽቷታል፤ ከሁሉም በላይ ያበሳጫት ግን የምትቆጣው ሰው ማጣቷ ነበር፤ ኦርጅናሉን የሸጠላትም ኮፒውን የሸጠላትም አሁን ሱቃቸው ተቀምጠዋል። ማልቀስ አማራት፤ ይልቁንም ተነስታ እጇን ዘረጋች።

«ይስጡኝ።»

ወይዘሮ ዘኪያ አልሰጧትም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ራሳቸው ገጠሙት። ከፓምፑ ሥር የሚነጠፈውን ስስ የወረቀት ጓርኒሲዮን አንድ አስገብተው ሞተሩን አዳመጡ፤ ሁለተኛ ደረቡና እንደገና አዳመጡ። ወረቀቱ በወፈረ ቁጥር ግፊቱ እንደሚቀንስ እግረ መንገዳቸውን አስረዷት። ሐመልማል የግፊትን ቀመር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ጆሮን አቅንቶ በወረቀት ቁራጭ እንደሚስተካከል ግን ማንም አስተምሯት አያውቅም።

ቮልሷ ተነሳች። ጫካውን ሰነጠቀች፤ ሁለት ቦይ ተሻገረች፤ ዛፎቹ እየሳሱ አየሩም እየቀጠነ መጣ። ፀሐይ ወጥታ የሞተሩን ክዳን አጋለችው። የመጨረሻው ዳገት ሥር ሲደርሱ ሞተሩ እንደገና ተንተፋተፈ፤ ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ ይፈላል። አቶ መዝገቡ ሳይጠየቁ ወርደው ወንበሩን አጠፉ። ወይዘሮ ዘኪያ ፓምፑ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ከጥላው ሥር ባልቀለጠው በረዶ ሞልተው ቧንቧው ላይ አሰሩት። ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ትንፋሽ ተመለሰ።

ዓምሃ ይህን ሲያይ በጎን አልፏቸው ሽቅብ በረረ። ከበሩ በታች ባለው ጠባብ ቦታ ፒክአፑን አገዳድሞ አቆመና ጎማውን መመርመር ያዘ።

«ጋሼ መዝገቡ፣ አንድ አፍታ ብቻ» አለ። «ጎማዬ የተነፈሰ መሰለኝ።»

ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ይቀራል። እዚህ ዳገት ላይ ከቆሙ ቮልሷ ዳግም ላትነሳ ትችላለች። ጠዋቱን ሙሉ ሰዓታቸውን ሲያዩ የነበሩት አቶ መዝገቡ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«እናትሽ ዳገት ላይ ቆማ አታውቅም» አሉ።

ሐመልማል ማርሹን ወደ አንደኛ መልሳ መሪውን ጠመዘዘች። ሁለት ጎማዎች መንገዱን ለቀው የሣሩን ጠርዝ ያዙ። ቮልሷ ዘመመች፤ የፒክአፑ መስታወት በሯን ፋቀው፤ ከሥሯ ድንጋይ ተንዶ ወደ ገደሉ ተንከባለለ። ሞተሩ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልጠፋም። ለመሳለም የመጡ ሰዎች ለጭቃማዋ መኪና መንገድ ለቀቁ፤ በሩ ፊት ስትቆም አራት ደቂቃ ተርፎ ነበር።

ዓምሃ ቆይቶ ደረሰ። ገመዱን ጠቅልሎ ወረወረና ለአበባው ሌላ መደብ እንደሚፈልግ ተናግሮ አቶ መዝገቡን ጨበጣቸው። እሳቸው ሳይቸኩሉ ጨበጡት።

ሐመልማል እጇን በሣር ጠርጋ ወደ ወይዘሮ ዘኪያ ዞረች።

«አብሬ ካልሄድኩ ያሉት ስላላመኑኝ ነው?»

«አንቺን ምን አመጣሽ፣ ልጄ? ላስቲኩን ስቆርጥ፣ ይሄ ቢበጠስ ከጫካ በእግሬ የምመለሰው እኔ ነኝ እያልኩ ነው። እንደዚያ ካላልኩ እጄ ይሰንፋል።»

ሐመልማል ደብተሯን አውጥታ ከሦስቱ ዓምዶች አጠገብ አራተኛ አሰመረች፤ ርዕሱንም «አብሮ የሚሳፈር» አለችው። በኦርጅናሉና በኮፒው ትይዩ ሰረዝ አደረገች። በሦስተኛው ትይዩ «ወይዘሮ ዘኪያ፣ የኋላ ወንበር» ብላ ጻፈች። ቀና ስትል አባቷ ወንበሩን አጥፈው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሴትየዋን እያስገቡ ነበር።