አላርፍ ያለው አግዳሚ ወንበር

ያን ጊዜ በከተማው ውስጥ ከእኔ የሚስተካከል አናጺ አልነበረም። ዛሬም የለም፤ የዛሬውን ግን እንተወው።

የዲዛይን ሙዚየሙ ባለ ስድስት ፎቅ ነው፤ በእኔ አቆጣጠር አሥራ ሁለት። እንደ ሌላው ሙዚየም «አትንኩ» አይልም። ግድግዳው ሲዳስሱት ቀለሙን ይለውጣል፤ ወለሉ ሲረግጡት ያዜማል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አገኘሁ። ብቀመጥበት ወደ እኔ ዘመመ፤ ብነሳ ወደዚያኛው ዘመመ።

የተንጋደደ እንጨት አይቼ ባልፍማ የእናቴ ልጅ አይደለሁም! ከሥራ ቦርሳዬ ሽብልቅ አወጣሁ፤ ተራራን ከተራራ የሚያጋባውን ሙጫዬን ቀባሁና ከሥሩ ወተፍኩት። አግዳሚው እንደ አለት ጸና። እጄን አራግፌ ጭብጨባ ስጠብቅ አንዲት ቀጭን ልጅ እየሮጠች መጣች።

«አንተ ሰውዬ! ምን አደረግህ?»

«አቃናሁት፣ እህቴ። ምስጋናው ይቅር።»

«ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ነው ያቃናኸው?» ድምጿ ተሰበረ።

ለካ ሠሪዋ እሷ ናት! አግዳሚው ሆነ ተብሎ የሚዋልል ነው፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሚዛኑን ሲያገኙ ብቻ ከበላዩ ያለው መብራት ይበራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ካልበራ ሥራዋ ከሙዚየሙ ይወጣል።

ቦርሳዬን መልሼ ከፈትኩ።

«ሽብልቁን አወጣዋለሁ» አልኳት።

«አግዳሚውን ብትጭረውስ?»

«እኔ? በመሮ የትንኝ ጺም የምላጨው ሰውዬ?»

መሮዬን ይዤ ከአግዳሚው ሥር ገባሁ። አጠገቤ ተንበርክካ በስልኳ አበራችልኝ፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። አምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ለሰው ሳወራ አምስት እላለሁ።

«ሙጫህ እውነትም ግትር ነው፤ ከያዘ አይለቅም» አለች።

«በባለቤቱ ወጥቶ ነው።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም።

ሽብልቁ ሲወጣ ለመሞከር እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። እኔ ዘጭ አልኩ፤ እሷ አየር ላይ ቀረች።

«ትከብዳለህ! ወደ መሀል ጠጋ በል።»

ጠጋ አልኩ።

«ትንሽ ደግሞ… በቃ፣ እንዳትንቀሳቀስ።»

ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። መብራቱ መቼ እንደበራ አላየሁም፤ ፊቷ ላይ ግን አየሁት። ዘወር ስንል ሦስቱ ገምጋሚዎች በሩ ላይ ቆመዋል። አንዷ ብቻ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ሦስቱም አለቀሱ እላለሁ።

ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት፤ አግዳሚው ዛሬም እዚያው ነው። «የሚስቴ ሥራ ነው!» ያላልኩት ጎብኚ የለም፤ ዘበኛው ገና ሲያየኝ ጆሮውን ይይዛል። በየዓመቱ የተጋባንበት ቀን ሲመጣ ሄደን እንቀመጥበታለን። እሷ ያው ቀጭን ናት፤ እኔ በየዓመቱ እወፍራለሁ። መብራቱ እንዲበራም በየዓመቱ ወደ እሷ ይበልጥ መጠጋት አለብኝ።

«ኧረ ሆድህን ቀንስ!» ትለኛለች።

ምን በወጣኝ!