ባለ አንድ ጥይቱ ሽጉጥ

ሽጉጡ የለም።

የብረት ሳጥኑ ተከፍቷል። ጋሼ ጎሹ አትላንታ አጠገብ ባለችው ዱሉዝ በሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት ቆመው ባዶውን ቦታ በእጃቸው ይዳብሳሉ። የአጋዘን አደን ነገ ይጀመራል።

«ምን ዓይነት ሽጉጥ ነው?» አለች መርማሪዋ ሶፍያ። አትላንታ ያደገች የአበሻ ልጅ ናት።

«አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። እንደ ድሮ ጠመንጃ ወገቡ ላይ ይታጠፋል። አሁን እንዲህ ያለ ማን ይሠራል?» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጫካው ጉም ለብሶ፣ ትንፋሼን ውጬ... አንዴ ከሳትኩ አለቀ። ስለዚህ አልቸኩልም። ልጄ፣ ያኔ ጊዜው ራሱ ይቆማል።»

ሕልማቸውን የሚነግሯት መሰላት።

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ነጋሽን። ሽጥልኝ እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።»

ነጋሽ እዚያው አካባቢ ሮዝዌል ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ይሰበስባል። ሶፍያ ቤቱ ሄደች።

«ጥይቶቹስ ተወሰዱ?» አላት።

«አልተነኩም።»

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም። የዚያ ሽጉጥ ጥይት ዛሬ የት ይገኛል? ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ፍሎሪዳ ነበርኩ፤ ቼክ አድርጊ።»

አረጋገጠች። እውነቱን ነው።

ሶፍያ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ አሰበች። ሳጥኑ አልተሰበረም፤ በቁልፉ ነው የተከፈተው። ጥይቶቹም አሉ። ሌባው ሊሸጠው ወይም ሊተኩስበት አልፈለገም። የፈለገው ጋሼ ጎሹ እንዳይተኩሱ ብቻ ነው።

ደወለችላቸው። «ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል?»

«የአደን ጓደኛዬ ሕሩይ ብቻ። እሱ ግን ወንድሜ ማለት ነው!»

አቶ ሕሩይ ክላርክስተን በሚገኘው አፓርትመንታቸው በሩን ከፈቱላት። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ለምን ወሰዱት?»

አቶ ሕሩይ ጃኬታቸውን አመጡ። እጅጌው ላይ ቀዳዳ አለ።

«አምና ጎሹ አጋዘን መስዬው ተኮሰብኝ። ጥይቱ እጅጌዬን በስቶ ወጣ። ዓይኑ ደክሟል፤ እሱ ግን አላወቀም።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ለዚያች ቀን ነው። ‹ሳትኩት!› እያለ እየሳቀ መጣ። አብሬው ሳቅሁ።»

ሦስቱ ዱሉዝ ተገናኙ። ጋሼ ጎሹ ጣታቸውን በቀዳዳው አሾለኩ።

«ልገድልህ ነበር፤ አንተ ዝም አልክ?»

አቶ ሕሩይ አቀረቀሩ።

«ጋሼ፣ ክስ ይመሠርታሉ?» አለች ሶፍያ።

«በማን ላይ?» ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ነገ አንተ ትተኩሳለህ። እኔ ከጎንህ ቁጭ ብዬ ጫካውን እሰማለሁ።»

አቶ ሕሩይ ሽጉጡን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ጋሼ ጎሹ የእንጨት እጀታውን አንዴ ዳበሱና መልሰው ሰጧቸው።