ከሁዋ ተራራ የተደወለ ስልክ

ማለዳ ከቤት የወጡት አቶ ባስልዮስ ቀትር ላይ ከጓሳ ገደል ሥር ሞተው ሲገኙ፣ ባርኔጣቸው ከላይ፣ አፋፉ ጋ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ተጭኖበታል። የመንዝ ነፋስ እንኳን ባርኔጣ ሰውም ይገፋል፤ ስለዚህ ነገሩ ማንንም አላስገረመም። ሳጅን ወሰኔንማ ጭራሽ! የሟቹ ልጅ ይሥሐቅ በዋዜማው ከአባቱ ጋር ሰው ፊት ተጨቃጭቋል፤ በዕለቱም ብቻውን ገብስ ሲጠብቅ ነበር። ሳጅኑ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ልጁን አሰረው።

የአርባው ዋዜማ ደረሰ። በማግስቱ ይሥሐቅ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስዶ በአባት ገዳይነት ሊከሰስ ነው። እኅቱ ትሕትና ቻይና ከምትማርበት ለአርባው መጥታ «ወንድሜ አባቱን አይገድልም!» እያለች የቢሮውን በር ሁሉ አንኳኳች። አንዱ በር ተከፈተላት፤ ኢንስፔክተር ማርያማዊት ከደብረ ብርሃን በጠዋቱ ሚኒባስ መጣች። አጭር፣ ቁጡ፣ ከምትናገረው የምትጠይቀው የሚበዛ ሴት ናት።

መጀመሪያ አፋፉ ላይ ወጣች። ሳጅን ወሰኔ በዕለቱ ያነሳውን የባርኔጣውን ፎቶ ሰጣት።

«ማን አወለቀው?»

«ራሳቸው ናቸዋ።»

«በዚህ ብርድ? መላጣ ሽማግሌ?»

ሳጅኑ ራሱን አከከ። «ሞቋቸው ይሆናል።»

«አንተን ሞቆሃል?»

ሳጅኑ የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ላይ ሳበ።

ከዚያ የሟቹን ነፍስ አባት፣ ቅስናም ያላቸውን መሪጌታ ቴዎፍሎስን አገኘቻቸው።

«አባታችን፣ አቶ ባስልዮስ ለማን ነበር ባርኔጣ የሚያወልቁት?»

«ለመስቀልና ለታላቅ። ለሹም አያወልቁም፤ ኩሩ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

«መስቀል የያዙት እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ጠዋት የት ነበሩ?»

መሪጌታ አልተቆጡም። «ቅዳሴ ላይ። ምእመኑን ሁሉ ጠይቂ፣ ልጄ።»

ጠየቀች፤ እውነት ነበር።

የሟቹ የእኅት ልጅ ወዳጆ ቤቱ ደጃፍ ላይ ማጭድ ሲሞርድ ደረሰችበት። እናቱ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ የአቶ ባስልዮስ ታላቅ እኅት፣ ከበሩ ወጥተው ከጎኑ ቆሙ።

«በተዘጋው ጓሳ፣ አገሬው በጋራ በሚጠብቀው መሬት፣ ሳር አጭደሃል ይባላል» አለችው።

ወዳጆ እናቱን አየ። «አጎቴ አይተውኝ ነበር። ጓሳውን የሚጠብቁት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው... ነበሩ። እሑድ ጉባኤ ፊት ሊያወጡኝ ነበር።»

«ቢያወጡህስ?»

«ከጓሳው ድርሻ እነቀላለኋ። ሳር የሌለው ሰው ጣራውን በምን ይከድናል? ማንስ ልጁን ይድርለታል?»

«ልጄን ተይው!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «ሐዘን ላይ ነን፤ አንድ ወንድሜን ነው የቀበርኩት።»

ማርያማዊት «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብላ ሄደች። ሳጅን ወሰኔ ግን መንገዱን ሙሉ «በቃ ወዳጆ ነው!» ሲል ደረቀ። ትናንት በይሥሐቅ ሲምል የነበረው ሰውዬ!

ትሕትና አባቷ ቤት፣ መደብ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች።

«አባቴ ሲሞት እኔ ተራራ ላይ እየሳቅሁ ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «በዚያችው ቀን። ይህን ለማን ይናገሩታል?»

«ለእኔ ንገሪኝ።»

«የዕረፍት ሰሞን ነው። ጓደኞቼ ሰነፉና ብቻዬን ከዢያን ከተማ በባቡር ሄድኩ። ሁዋ የሚሉት ተራራ አለ፤ ደረጃው ከአለቱ ተፈልፍሎ፣ ግራ ቀኙ ሰንሰለት። መሐል ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። አንዲት አሮጊት ኪያር ልጠው ሰጡኝ፤ የተማርኩት ቻይንኛ ሁሉ ጠፋኝና እንደ አገሬ እጅ ነሣኋቸው። ሳቁብኝ።» ትሕትናም ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት። «ጫፉ ላይ ምሳዬን ስበላ ገደሉን አየሁት፤ ቁርጥ ጓሳ! የአባባ ስልክ ምስል አያሳይም። ወዳጆ ጋ ደወልኩ፤ እናቱን፣ እትዬን አቀረበልኝ። ገደሉን ሳሳያቸው እሪ አሉ። ‹ከጫፉ ዞር በይ! ዞር በይ ልጄ!› ብለው አለቀሱ። እኔ ሳቅሁ፤ ናፍቀውኝም ስለነበር ምስሉን አስቀረሁት። መርዶው የደረሰኝ በማግስቱ ነው።»

ማርያማዊት ስልኩን ተቀብላ ምስሉን ቆማ አየችው። ስትመልስላት ድምጿ ለስልሶ ነበር።

«እትዬ ምንሽ ናቸው?»

«እናቴን አላውቃትም። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ይሥሐቅንም።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ይርዳሽ። ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰብስቡልኝ።»

ለአርባው በተጣለው ድንኳን ሽማግሌዎቹ፣ መሪጌታ፣ ወዳጆና እናቱ ተቀመጡ። ማርያማዊት መሐል ላይ ቆመች።

«አቶ ባስልዮስ አልወደቁም። ከሰው ጋር ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጠጠር ጭነውበት። ለልጁ ባርኔጣ የሚያወልቅ አባት መንዝ ውስጥ አለ?»

«የለም!» አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ።

«ስለዚህ ይሥሐቅ አይደለም። ለእኅቱ ልጅስ?»

«ኧረ ወዲያ!»

«ስለዚህ ወዳጆም አይደለም። መስቀል የያዙት መሪጌታ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። የቀረው ታላቅ ነው።» ወደ መሪጌታ ዞረች። «አባታችን፣ በዚያ ሰሞን ከአቶ ባስልዮስ በፊት የቀበራችሁት ሰው ነበር?»

«ከፍልሰታ ወዲህ አንድም።»

«ትሕትና፣ ምስሉን አሳዪያቸው።»

ትሕትና ስልኳን ከፈተች። እስከዚያች ደቂቃ የእትዬን ፊት እንጂ ልብሳቸውን አላየችም ነበር። አሁን አየችው፤ ገባትም። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው። ብታጠፋው ወንድሟ አለቀለት፤ ብታሳየው ያዘለቻት ጀርባ አለቀላት። ቀና ብላ እትዬን አየች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንድታጠፋውም እንድታሳየውም አልጠየቋትም። ትሕትና ስልኩን ለሳጅኑ ዘረጋችለት።

«ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው» አለ ወሰኔ። «ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው። ታዲያ ለሐዘን እንዲህ አይደል የሚለበሰው? ምስሉ ላይ የሚታየው ሰዓትም ቀትር ነው። ሬሳው የተገኘው ቀትር ላይ ነው፤ መርዶ ሰምተው ነዋ!»

«የማን አገር ቀትር?»

ሳጅኑ ሰዓቱን ደግሞ አየው።

«ቻይና ምሳ ሲበላ እዚህ ገና ጠዋት ነው። ከጀርባቸው ያለውንም እየው፤ በጎቹ ከጉረኖ አልወጡም። እስከ ቀትር በግ የሚዘጋ ማን ነው?» ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ሬሳውን ያየ ሰው ሳይኖር፣ መርዶ ሳይነገር፣ ለማን ነው የዘቀዘቁት?»

ወዳጆ ብድግ አለ። «እናቴ፣ አይደለም በያት!»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። «ይኼ እጄ ነው ያደረገው» አሉ ቀስ ብለው። «ልደብቅ ብዬ ነበር ቤት የገባሁት። ግን ወንድሜ ሞቶ ነጠላዬን አቅንቼ እንዴት ልልበስ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወየው!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

«ልጄን አታዋርድብኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እትዬ፣ ሕግ ነው፤ ነገ ለሌላው ምን ልመልስ?› አለኝ። ሊያነሳኝ ሲያጎነብስ ገፋሁት። ከአፋፉ መቅረባችንን ንዴቴ አስረሳኝ።»

«ይሥሐቅ ሲታሰርስ?»

«ዝም አልኩ። የእኔ ልጅ እናት እንዳያጣ ብዬ...» ከዚያ ወደ ትሕትና ዞሩ። «አንቺ አላጠፋሽም። ያን ቀን ገደሉ ጫፍ ላይ ሳይሽ ልቤ ነው የወጣው። ማስመሰል አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች ትሕትና፤ ከዚያም እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች።

በማግስቱ ይሥሐቅ ተፈታ። ሳጅን ወሰኔ አፍሮ ይሁን ፈርቶ «ነፃ ነህ» ብቻ ብሎ ሰደደው። ልጁ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ እየሮጠ ግቢው ገባ። እኅቱን አቅፎ ሳማት፤ ወዳጆንም ሳመው። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ወዳጆ ቤት በር እየተመለከተ ሳቀ።

«እትዬስ የት አሉ? እስር ቤት አንድ ቀን ያለ ስንቅ አላሳደሩኝም እኮ! መጀመሪያ ጉልበታቸውን ልሳም።»

ወዳጆ ፊቱን አዞረ። ትሕትና የወንድሟን እጅ ያዘችና «ና፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አለችው።