ጄት ማን ነው?

«ጄት ማን ነው?» አሉ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

ቦታው የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ክፍል ነው። ኃላፊዋ የመጡት ተማሪዎቹ የሠሩላቸውን የመጻሕፍት ማዋሻ ፕሮግራም ሊያዩ ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን የክበቡ ረዳት፣ ማለትም የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ያለ አንዳች ይሉኝታ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «የውሰት ገጹ ለርክክብ አልደረሰም። ስም ሳይሞላ ቢላክ ምን እንደሚሆን አልተፈተሸም። በቡድኑ ደንብ መሠረት ይህ የጄት ሥራ ነው።»

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ገጹን የሠራው ጄት አልነበረም። የሠራችው ተርብ ነበረች።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ የኃላፊዋን ጥያቄ ለረዳቱ ጻፈለት። መልሱ ወዲያው ከተፍ አለ፦ «ጄት ማለት ሳይፈትሽ የሚያስረክብ ማለት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጄትም አብሮ ሳቀ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ፤ «ይኸው በቁሜ ፍቺ ወጣልኝ።» ከዚያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ሲወጣ አይስቅም ነበር። ኃላፊዋም «እንግዲህ ነገ እመለሳለሁ» ብለው ተነሡ።

ተርብ ቅጽል ስሟን ያገኘችው ስለምትናደፍ ነው። ከመምህር እስከ በር ጠባቂ ያልተከራከረችው የለም። ጄት ደግሞ ሌላው ኮምፒውተሩን እስኪከፍት ሥራውን ጨርሶ ኳስ ሜዳ የሚገኝ ልጅ ነው። ሁለቱ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሲጣሉ የኖሩ የልብ ጓደኛሞች ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ረዳቱ ምን ምን መፈተሽ እንዳለበት ሲጠየቅ ለአንዱ አንድ ነገር፣ ለሌላው ሌላ ነገር ይመልስ ነበር። የኮምፒውተር መምህሩ ተርብን ጠርተው «የቡድናችንን የፍተሻ ደንቦች ሰብስቢና ረዳቱ እያየ የሚመልስበት የእውቀት ቋት ውስጥ ጫኚለት» አሏት። «ለእያንዳንዱ ደንብ ግን እዚሁ እኛ ላይ የደረሰ ምሳሌ ጨምሪበት። ያለ ምሳሌ አይገባውም።»

ደንቦቹ የትም ተጽፈው አያውቁም፤ እያንዳንዱ ከአንድ ጠብ የተወለደ ነው። ተርብም የጻፈቻቸው የጄት ገጽ አንድ ተማሪ መጽሐፉን ሳይዋስ እንደመለሰ አድርጎ የመዘገበ ዕለት ነበር። ደሟ እንደፈላ ተቀመጠች፤ ደሟ ሳይበርድ ጨረሰች። «ጄት የመሙያ ሳጥኑን ባዶ ትቶ ሳይሞክር አስረክቦ አዋርዶናል። ጄት የቀኑን ቅደም ተከተል ሳያይ አለቀ ብሏል። እንደ ጄት አትሁኑ።» ረዳቱ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ደንቡንም ንዴቱንም አብሮ ተማረ።

ዛሬ ታዲያ ኃላፊዋ እንደወጡ ተርብ ሮጣ ጄትን ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«አንተ፣ በዚህ ደግሞ ይኮረፋል? አታካብድ! አንዲት ውሸት ጽፌያለሁ? አሳየኝ!»

«የለችም» አለ ጄት።

ይህ አበሸቃት። ለክርክር ታጥቆ የመጣ ሰው እሺ ሲሉት የሚይዝ የሚጨብጠውን ያጣል።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ሁሉም እውነት ነው፣ ተርብዬ። ግን ያንቺስ የት አለ?» መልስ አልጠበቀም። «እዚያ ውስጥ መሰደቢያ ሆኜ እስካለሁ ድረስ ክበቡ ውስጥ የለሁም» አለና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ክፍሉ ውስጥ መምህሩ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። ተርብ አቤቱታዋን ከላይ እስከ ታች ዘረገፈችው።

«እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ?» አሏት። «የጫንሽው አንቺ፤ የምታስተካክይውም አንቺ።»

«ቲቸር ደግሞ!» ብላ ኮምፒውተሩ ፊት ዘፍ አለች።

መጀመሪያ ምሳሌዎቹን በሙሉ አጠፋችና ረዳቱን ስለ ውሰት ገጹ ጠየቀችው። «እንደ ሁኔታው የተለያዩ ነገሮችን መፈተሽ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል» አላት።

«ሊሆን ይችላል! አቦ፣ ወይ ይሆናል በል፣ ወይ አይሆንም በል!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። የመምህሩ ገመድ ደንግጦ ወደቀ።

ስለዚህ ምሳሌዎቹን መለሰቻቸው፤ «ጄት» የሚለውን ሁሉ ግን «አንድ አባል» አለችው። እየወረደች እየወረደች ወደ መጨረሻው ደንብ ደረሰች፦ «በእውነተኛው የአንባቢዎች መዝገብ ላይ ፍተሻ አይደረግም። አንድ ጊዜ መዝገቡ ጠፍቶ ነበር።»

እጇ ቆመ። ጠፍቶ ነበር! መዝገቡ እግር አውጥቶ የሄደ ይመስል! ያጠፋችው እሷ ናት። ያን ቀን ጄት የኳስ ግጥሚያውን ትቶ ከአንባቢዎቹ ካርድ እያየ ስሞቹን አንድ በአንድ መልሶ ሞላ። ምን ሆኖ ነው ሲሉት «ኮምፒውተሩ ነው» አለ። እስከ ዛሬ ሁሉም ያመነው ይህንኑ ነው፤ ኃላፊዋም ጭምር። ነገ ደግሞ ኃላፊዋ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው የፈለጉትን ይጠይቁታል። ረዳቱ ይሉኝታ አያውቅም።

ተርብ ጆሮዋ እየጋለ ጻፈች፦ «ተርብ እውነተኛው መዝገብ ላይ ሞክራ የአንባቢዎቹን ስም በሙሉ አጠፋች። ጄት መልሶ ሞላው።» ከሥሩም፦ «ተርብ የውሰት ገጹን ስም ሳይሞላ ሳትሞክር አስረከበች።» ሳትጭነው ጄትን ልትጠራ ወደ ኳስ ሜዳው ወረደች።

ጄት በላብ እንደራሰ መጥቶ ቆሞ አነበበ።

«ይሄ ‹አንድ አባል› የምትይው እኔን ነው?»

«አንተን ነው።»

«ፈሪ! ስሜን መልሺው። ስድቡ ይውጣ እንጂ ስህተቱማ የእኔ ነው፤ ለማን ልሰጠው?» ቀጥሎ የእሷን አነበበ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «ይቺስ? እትዬ ቢያዩት?»

«ይዩት።»

«እንደዚያ ከሆነማ» አለ ጄት፣ ፊቱ እየበራ፤ «አንዷን ረስተሻል። ቁጥር ቦታ ላይ ፊደል ጽፈሽ ፕሮግራሙን የገደልሽበትን። ቲቸርን ‹መብራት ጠፋ› ብለሽ፣ አምፖሉ እላያችሁ ላይ እየበራ!»

«መብራት ጠፋ ነው ያልሽኝ?» አሉ መምህሩ ከጥግ።

ተርብ አፏን ከፈተች። ሦስት መከራከሪያ ምላሷ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ሦስተኛው እንዲያውም የማይመለስ ነበር። አፏን መልሳ ገጠመችው።

ለጄት ወንበር ሳበችለት፤ ጣቶቿንም ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች።

«እሺ» አለች፤ «ከመጀመሪያው ንገረኝ።»