የኩሊው የሃሺ ወገብ

በ፳፻፲ ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር አጋማሽ፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንደ ልማዱ ደርቆ፣ በከዚራ ሰፈር ያሉት አሮጌ ሐዲዶች ዝገው ሳለ፣ ድሬዳዋ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው አዲስ ጣቢያ የሚቆመውን የኤሌክትሪክ ባቡር ትጠብቅ ነበር፤ ባለሥልጣኑ ንግግሩን፣ ነጋዴው ሸቀጡን፣ ኩሊውም ትከሻውን ያዘጋጅ ነበር።

በአንድ የእህል መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት ጆንያ የተሸከመው ሃሺ ግን ወገቡን አላመነውም። ጠዋት ከምንጣፉ ለመነሣት ግድግዳ ይይዛል፤ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ እንደ ጠጠር ይንቋቋል። ይህን ከሚስቱ ከኻድራ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የኩሊዎቹ አለቃ ካቦ ሲያድ የሰማ ዕለት እንጀራው እንደሚቆረጥ ስለሚያውቅ፣ በሰው ፊት ሲያጎነብስ እየዘፈነ ያጎነብስ ነበር።

ሰኞ ዕለት ካቦ ሲያድ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ ወደ አዲሱ ጣቢያ የሚሄዱት አሥራ ሁለት ብቻ መሆናቸውን፣ ሐሙስ እያንዳንዱን ኩንታል አሸክሞ እንደሚመርጥ ተናገረ። ቀጥሎም ሃሺን ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣

"ዋርያ፣ አንተንስ ማን ይሸከምህ?" አለው።

ሰዎቹ ሳቁ፤ ሃሺም አብሮ ሳቀ።

ከቀትር በኋላ ተደብቆ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናስቲሆ የሰፈሩ ልጅ ነበረች፤ ሕመሙ ከጉልበቱ በታች ይወርድ እንደሆነ፣ እግሩ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንቱ አስቸግሮት ያውቅ እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ይኖረው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ ሁሉንም የለም አለ። በጀርባው አስተኝታ እግሩን ቀጥ እንዳለ አነሣችው፤ ጉልበቱንም እያጠፈች እየዘረጋች መንቋቋቱን በመዳፏ አዳመጠች።

"አዴር ሃሺ፣" አለችው፣ የሶማሌ ልጅ አጎቷን እንደምትጠራ፤ "የተሰበረ አጥንት የለህም። የጉልበትህ ሕመም አርትራይትስ ነው፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳው ነገር ሳስቷል። እሱ አይመለስም፤ ጭንህ ከጠነከረ ግን ሕመሙ ይቀንሳል። ወገብህ ደግሞ ይድናል። ተኝተህ አትዋል፤ በየቀኑ ተራመድ፤ የማሳይህን እንቅስቃሴ ሥራ። ለስድስት ሳምንት ጆንያ እንዳትነካ።"

የሐሙሱን ነገር ነገራት። ለአለቃው ወረቀት ጻፈችለት፤ ሰውየው እንደሚድን፣ እስከዚያው ቀላል ሥራ እንዲሰጠው። ሃሺ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ለማንም ላለማሳየትም ቆረጠ። ካቦ ሲያድ "ይድናል" የሚለውን ዘልሎ "ታሟል" የሚለውን እንደሚያነብ አልተጠራጠረም።

ኻድራ ትእዛዙን ስትሰማ ተቆጣች።

"ወገቡን ለታመመ ሰው ሂድ ተራመድ? ይህን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው?"

በነጋው ከከተማው ውጭ ወዳለችው ወደ ቢዮ አዋሌ መንደር ወሰደችው፤ ሕመምተኛን በጋለ ብረት ወደሚተኩሰው ወደ ሽማግሌው አብዲቃድር። የሃሺ አባትም አያቱም ሕመም በእሳት ይወጣል ብለው ተተኩሰው ነበር። አብዲቃድር ጀርባውን ሰባት ቦታ፣ ጉልበቶቹን አራት ቦታ ተኮሰው። የጮኸ ሰው ሕመሙን መልሶ ይውጠዋል ስለ ተባለ፣ ሃሺ ጥምጥሙን ነክሶ ዝም አለ። ሲጨርስ ሽማግሌውም፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አትሸከም አለው።

ሐሙስ የቁስሉ ሦስተኛ ቀን ነበር። የዕለቱ ጭነት በነጭ ጆንያ የተሞላ የስንዴ ዱቄት ነው። ካቦ ሲያድ ለሃሺ ሁለት ባለ ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ደራርቦ በገዛ እጁ ጫነበት፤ ኩንታል ሙሉ። ሃሺ አልዘፈነም። ከመጋዘኑ በር እስከ መኪናው ሃምሳ ርምጃ ሄደ፤ አልተንገዳገደም፤ ሸክሙን አውርዶም ቀጥ አለ።

"አለፍክ፣" አለ ካቦ ሲያድ፤ ወዲያው ዓይኑ ጆንያው ላይ አረፈ። ደምና መግል በነጩ ላይ ሰባት ክብ አትመው ነበር።

"ይህን ማን ይበላዋል?"

"ዱቄቱ እኮ አልተነካም፤ ጆንያው ነው።"

"ነጋዴው የሚያየው ጆንያውን ነው። ሸሚዝህን አውልቅ።"

ሃሺ በሰዎቹ ፊት አወለቀ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ካቦ ሲያድ ስሙን ሰረዘው። ሃሺ የቀረው ተስፋ ያ ብቻ ነበርና የናስቲሆን ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። አለቃው ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበና አጥፎ መለሰለት።

"ይህን ወረቀት ሰኞ ብትሰጠኝ ኖሮ! የተቀደደ ጆንያ የሚሰፋ ሰው እፈልግ ነበር፤ ተቀምጦ የሚሠራ። ትናንት ለሲሞን ሰጠሁት።"

በሩ ጥግ መርፌና ሲባጎ ይዞ የተቀመጠው ሲሞን ቀና ብሎ አላየውም።

ቁስሉ ሲደርቅ ሃሺ መራመድ ጀመረ፤ ቤት ተቀምጦ የኻድራን ዝምታ መስማት ከበደው። ናስቲሆ ያሳየችውንም እንቅስቃሴ ሠራ። ጉልበቱ መንቋቋቱን አልተወም፤ ወገቡ ግን በስድስተኛው ሳምንት ቀለለው። አንድ ጠዋት ግድግዳ ሳይዝ ተነሥቶ ቆመ፤ የሚሄድበት ሥራ አልነበረውም።

የዚያን ዓመት ወሬ የሚጽፉ ሰዎች የባቡሩን ፍጥነት፣ የጭነቱን ብዛት፣ የተናጋሪዎቹን ማዕረግ ጻፉ። ባቡሩ ሲገባ በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ፣ ከእንግዶቹ ኋላ፣ አሥራ ሁለት ኩሊዎች አዲስ ሰደርያ ለብሰው ይታያሉ፤ ስማቸው አልተመዘገበም። ሃሺ ስም ከሌላቸው መካከል እንኳ አልተቆጠረም።