የወረቀት ወንድሜ

አቶ አቢሶ ከሆሳዕና ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ሲያመጡኝ አምስት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ሞተው ነበር፤ እሳቸው የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ስደተኛ ሆነው ሲመዘገቡ «ልጄ ናት» ብለው በራሳቸው ፋይል አስገቡኝ። ያሳደገችኝ ግን ሂልብሮው ሰፈር ያለችው አክስቴ ኤርጎጌ ናት። እሷማ ለራሷም ወረቀት አልነበራት።

የአቶ አቢሶን ልጅ ኤልያብን በልጅነቴ አይቼው ይሆናል። ልብ ብዬ ያየሁት ግን አድጌ፣ ፐርሚት፣ የስደተኛ ወረቀታችንን፣ ልናሳድስ በተሰለፍንበት ነው።

«እህቴ፣ ብርድ ነው፤ ጃኬቴን ልበሺ» አለኝ እየሳቀ።

«ወንድም ደግሞ መቼ እንዲህ ደግ ሆኖ ያውቃል?»

አየኝ፤ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ሳቁ ጠፋብን።

ወደድኩት፤ በቃ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ በታክሲ ሂልብሮው ይመጣል፤ ጨለማ እስኪሆን እንዞራለን። አንድ ቀን ግን የፎቃችንን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ሐኪሙ የልቤ ቫልቭ ካልተቀየረ አልቆይም አለ። የመንግሥት ሆስፒታል ተራው ሩቅ ነው። ፀጉር ቤት ለምትሠራ ስደተኛ ደግሞ ማን ሜዲካል ኤይድ፣ የግል ሕክምና መድን፣ ይሰጣል?

የኤልያብ መሥሪያ ቤት ለሚስት ይሰጣል። እኔ ደግሞ በመንግሥት መዝገብ እህቱ ነኝ። እውነቱን ብናወጣ የሦስታችንም ወረቀት ይሰረዛል።

«ኤሽ፣ ፊቤ… የምረዳትን እህትም መድኑ ውስጥ ማስገባት ይቻላል» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትድኛለሽ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ገብቶኛል የኔ ቆንጆ። ገብቶኛል።»

«እህቴ ናት» ብሎ እያለቀሰ ፈረመ።

ዳንኩ፤ ጌታ ይመስገን። መድኃኒቱ ግን የዕድሜ ልክ ሆነ።

«ተደብቀን አብረን እንኑር» አልኩት።

«ቢነቁብን የሕክምና ካርድሽን ይሰርዙታል። ሞትሽን አልችልም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን መያዝ ተወ። እኔ ግን ልቤ አልታዘዝ አለኝ።

አቶ አቢሶ ካረፉ በኋላ ዮአብ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሽማግሌ ላከ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልዋሽም። ሽማግሌዎቹ የሄዱት ወደ ወንድሜ ነው፤ ሌላ ወደ ማን ይሂዱ? እኔም ተጠርቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ።

«እህትህን ለልጃችን ስጠን» አሉት ቆመው።

ኤልያብን አየሁት። እምቢ በል፣ እምቢ በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት።

«እሷ ከፈቀደች» አለ ወደ እኔ ዞሮ። ዓይኑን ሳየው እሱም የኔን እምቢታ እየጠበቀ ነበር። ግን ምክንያቱን ቢጠይቁን ምን እንላለን?

«ወንድሜ ከፈቀደ» አልኩ።

«ጌታ ይባረክ!» ብለው ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።