በስካርቦሮው አዳራሽ የተሰማው ኮርኔት

ኤይኖ ከመድረኩ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ የመድረኩን ጠርዝ መትቷል፤ ኮርኔቱ፣ ያቺ ትንሽ ጥሩምባ፣ አጠገቡ ወድቃለች። ሽማግሌው በስካርቦሮ የፊንላንዶችን የጥሩምባ ቡድን ዕድሜውን ሙሉ መርቷል። ቡድኑ ሰባት ነፊ ይፈልጋል። ያገሩ ሰዎች እያረጁ ሲያልቁበት ወንበሩን በጎረቤት ሞላ፤ ሐበሻም አልቀረ። ዛሬ ከእሱ ጋር የመጡት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ።

መርማሪ ዘይነብ ስትደርስ ዋለልኝ ቱባውን፣ ያንን ግዙፍ ጥሩምባ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ አገኘችው።

«እህቴ፣ ፖሊሱ ሊወስደኝ ነው። እኔና የኔነሽ ወጥ ቤት ሆነን የቀብር መዝሙር ሲነፋ ሰማን። ሲያበቃ ምሳ ልጠራው ገባሁ፤ ሞቷል። ከእኔ ሌላ የገባ የለም።»

«ዋሌ ዝንብ አይገድልም» አለች መካከለኛዋን ጥሩምባ የምትነፋው የኔነሽ። «ቢነካትም ሶሪ ይላታል። መዝሙሩ እስኪያልቅ ደግሞ አብረን ነበርን።»

ሁለተኛው ኮርኔት ነፊ ሪስቶ ካፖርቱን አላወለቀም። «እኔ ውጪ መኪናዬን ከበረዶ እያላቀቅኩ ነበር። መዝሙሩ ሲያበቃ ወጥ ቤት ገባሁ። ዋለልኝ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ኤይኖ የተጣላው ሰው አለ?»

የኔነሽ አቀረቀረች። «ዛሬ ጠዋት ዜማው የሚነፋበትን አንደኛውን ወንበር ለእኔ ሊለቅልኝ እንደሆነ ነገረን። ሪስቶ ስንት ዓመት ሲጠብቀው…»

ዘይነብ ኮርኔቷን አነሳች። በከንፈር የሚያዘው መንፊያዋ የለም። የሟቹን ኮት ቁልፍ ፈታ ደረት ኪሱ ውስጥ አገኘችው።

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ብርድ ላይ እናሞቀዋለን» አለች የኔነሽ። «የምናወጣው ልንነፋ ስንል ብቻ ነው።»

ዘይነብ ሦስቱን በሰባቱ ባዶ ወንበሮች መሃል አስቀመጠቻቸው።

«ሲነፋ የቆየ ሰው መንፊያውን ነቅሎ፣ ኪሱ ከቶ፣ ቁልፉን ቆልፎ አይወድቅም። ስለዚህ የነፋው ኤይኖ አይደለም። መዝሙሩ ሲጀመር ሞቶ ነበር። ዋለልኝና የኔነሽ ያኔ ወጥ ቤት ነበሩ። የቱባ መንፊያ ደግሞ ኮርኔት ላይ አይገባም፤ የእሷም አይገባም። ሪስቶ፣ ኪስህን።»

ሪስቶ የራሱን መንፊያ አወጣ። «ገፋሁት። ሞት አላሰብኩም። በሕይወት ያለ እንዲመስል በእሱ ኮርኔት ነፋሁና በጓሮ በር ወጣሁ።»

«የእሱን ለምን አልተጠቀምክም?»

«የሰው መንፊያ አፋችን አናስገባም። የሟችማ…»

ዋለልኝ ቱባውን አስቀመጠ። «ዜማው ግን አንጀት ይበላ ነበር።»

ሪስቶ ቀና አለ። «ምን ዜማ? እኔ የማውቀው የሁለተኛውን ድምፅ ነው፤ አጃቢውን። ዜማውን ነፍቼው አላውቅም።»

«እኛ እኮ» አለች የኔነሽ ቀስ ብላ፣ «የሰማነው ሁለቱንም ነው።»

ፖሊሱ ዋለልኝን ትቶ ሪስቶን ይዞ ወጣ። ዘይነብ ሪፖርቷ ላይ «የነፋው፦ አንድ ሰው» ብላ ጻፈች። የኤይኖን መንፊያ ማስረጃ ከረጢት ውስጥ ስትከት ግን አሁን ከአፍ የወጣ ይመስል ገና ትኩስ ነበር።